ሲሳይ ለምን ዘለለ?

(በባሕር ዳር፣ በአንድ ደብር የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ለወላጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። በስልክ ከተቀዳው ላይ ገልብጬ፣ ድግግሞሹን ቀነስ አድርጌ ጻፍኩት።)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

እንደምን ዋላችሁ? ከቅዳሴ ወጥታችሁ፣ ቤት ገብታችሁ፣ ቀማምሳችሁ ተመልሳችሁ መጣችሁ። እሑድ ከሰዓት እንቅልፍን ትቶ መምጣት ቀላል አይደለም። ስለዚህ አላስረዝምም። ካስረዘምኩ መሪጌታ ጉሮሯቸውን ይጠርጉልኛል፤ ተስማምተናል።

የተሰጠኝ ርዕስ «ልጆቻችንን በቤታችን ደቀ መዝሙር ማድረግ» የሚል ነው። ከበድ ይላል። እኔ ደግሞ ቀለል ካለ ነገር ልጀምር።

ትንሿ ልጄ አምስት ዓመቷ ነበር። ማታ ከእራት በፊት ቆመን አቡነ ዘበሰማያት እንደግማለን። እኔ በፍጥነት ነው የምለው። ርቦኛል፣ ወጡ ይሸታል። አንድ ማታ ልጅቷ ሱሪዬን ጎተተችና «አባዬ፣ ሲሳይ ለምን ዘለለ?» አለችኝ።

አጎቷ ሲሳይ ይባላል። የሆነ ነገር የሆነ መስሎኝ ደነገጥኩ። «የት ነው የዘለለው?» አልኳት። «እኔ ምን አውቄ፤ አንተ ነህ በየቀኑ የምትለው፤ ሲሳየነ ዘለለ።»

አያችሁ፣ እናንተም ሳቃችሁ። ሚስቴም ሳቀች። ታላቅ ወንድሟ መሬት ላይ ተንከባለለ። እኔ ግን ምን እንዳልኳት ታውቃላችሁ? «ዝም ብለሽ ድገሚ! ጸሎት ላይ አይወራም።» ልጅቷም ዝም ብላ ደገመች። በላን። ተኛን።

እኔ ያኔ እዚሁ ሰንበት ትምህርት ቤት የሕፃናት ክፍል አስተማሪ ነበርኩ። የሰው ልጆች ሲጠይቁኝ ፈገግ ብዬ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ጠመኔ ይዤ እመልሳለሁ። የገዛ ልጄ በገዛ ቤቴ ብትጠይቀኝ «ዝም በይ» አልኳት። ከሁለት ዓመት በላይ ያንን ጸሎት አብራን ስትደግም ኖራለች። ለሁለት ዓመት በአእምሮዋ አጎቷ ሲሳይ እየዘለለ ነበር። ማንም ቁጭ ብሎ የነገራት የለም።

ዛሬ የምነግራችሁ ከዚያ ማታ በኋላ ቀስ እያለ የገባኝን ነው። ዘዳግም ምዕራፍ 6 ቁጥር 7ን ታውቁታላችሁ። በየቤታችን ያለው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ ይላል፦ «ለልጆችህም አስተምረው፥ በቤትህም ስትቀመጥ፥ በመንገድም ስትሄድ፥ ስትተኛም፥ ስትነሣም ተጫወተው።»

ተጫወተው! ስንት ዓመት አንብቤው አልፌዋለሁ። በአራቱም ጊዜ፣ ስትቀመጥም ስትሄድም ስትተኛም ስትነሣም፣ የሚለው «ተጫወተው» ነው። እኛ ዘንድ «ና እስቲ ቁጭ በልና እንጫወት» ማለት ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ቡና ይፈላል። ወሬው ከወዲያ ይጀመርና በወዲህ ይወጣል። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፣ መሀል ላይ ይሳቃል። ደግሞ ልጆች ጓሮ የሚሠሩትንም ሥራ የምንጠራው በዚሁ ቃል ነው። ተርጓሚዎቹን እግዚአብሔር ይስጣቸው።

እኛ ግን ምን አደረግን? «አስተምረው» የሚለውን ለሰንበት ትምህርት ቤት ሰጠን። «ተጫወተው» የሚለውን ለስልክ ሰጠን።

አትቆጡኝ። ሰንበት ትምህርት ቤቱን እየነቀፍኩ አይደለም፤ ዕድሜዬን የፈጀሁበት ቤት ነው። ግን ሒሳቡን እዩት። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። እኛ ልጆቹን የምናገኛቸው ሁለት ሰዓት ነው፤ እሱም ዝናብ ካልጣለ፣ ፈተና ካልደረሰ፣ ሠርግ ካልመጣ። የቀረው 166 ሰዓት የእናንተ ነው። አንዳንድ ወላጅ ልጁን በር ላይ አድርሶ «እንግዲህ አደራ» ብሎን ይሄዳል። ልብስ ስፌት ቤት ጨርቅ እንደሚሰጥ ሰው።

«ደቀ መዝሙር» የሚለውን ቃልም እንየው። ደቅ በግእዝ ልጅ ማለት ነው። ስለዚህ ስሙ ውስጥ ገና ከመነሻው ልጅ አለ። መሪጌታ፣ ካጠፋሁ ያርሙኝ። (መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቀጠልኩ።) እኛ ያለነው ዋሸራና ጎንጅ ባሉበት አገር፣ የቅኔው አገር ላይ ነው። የቆሎ ተማሪ የኔታ ዘንድ ሁለት ሰዓት ተምሮ ወደ ቤቱ አይሄድም። እዚያው ጎጆ ቀልሶ ይኖራል። ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል። የኔታ ሲያስነጥሱ ያውቃል። ሲቆጡም፣ ሲታመሙም፣ ሌሊት ተነሥተው ሲጸልዩም ያያል። ቅኔውን በጆሮው ይማራል፤ ሰውየውን ደግሞ በዓይኑ ይማራል። ደቀ መዝሙርነት ይህ ነው፤ አብሮ ውሎ አብሮ ማደር። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ከወላጅ የበለጠ ለዚህ የተመቸ ማን አለ? ልጆቻችን ስናስነጥስም ስንቆጣም ያውቁናል።

የሚያሳፍረውም እዚህ ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ ጓሮ ማንጎው ዛፍ ሥር ልጆቹ ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ ሰማኋቸው። የጎረቤት ልጆችም ነበሩ። ጭቃው እንጀራ ነው፣ ቆርኪው ሲኒ ነው። ትንሿ እናት ሆናለች። ወንድሜ ነው የምትለው የጎረቤት ልጅ «ሕፃን» ተደርጎ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ልጄ ደግሞ አባት ሆኗል። አባት ማለት እኔ ነኝ ማለት ነው።

ባትሪው የሞተ የቴሌቪዥን ሪሞት ጆሮው ላይ ለጥፏል። በአንድ እጁ ልጆቹን እያመለከተ «ቁሙ! ጸልዩ! ቶሎ በሉ!» ይላቸዋል። ወዲያው ወደ ሪሞቱ ይመለስና «እሺ ጌታዬ፣ አሁን መጣሁ፣ መንገድ ላይ ነኝ» ይላል። መንገድ ላይ አይደለም እኮ! ማንጎው ሥር ነው። እኔም ቤት ቁጭ ብዬ «መንገድ ላይ ነኝ» ስል ሰምቶኛል ማለት ነው። ልጆቹ ቆመው ጸለዩ። «አባት» ግን አልጸለየም። ስልክ ላይ ነበር።

ከኩሽናው ግድግዳ ኋላ ቆሜ ነበር። አልወጣሁም። ምን ብዬ እወጣለሁ?

ከዚያ ሁሉ ነገር ወዲያው ተስተካከለ ብላችሁ እንዳትጠብቁ። እኔ እልኸኛ ነኝ። በእውነት ቤቴን ያስተካከለው የኔ ንስሐ ብቻ አይደለም፤ የሰዓት እላፊው ነው። በ2015 ነሐሴ የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፤ ስለ ሌላው አላወራም። እኔ ከሥራ በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ሳልቀመጥ ቤት የማልገባ ሰው ነበርኩ። ስገባ ልጆቹ ተኝተዋል። ድንገት ሳይመሽ ቤት መገኘት ግድ ሆነ። የሞባይል ኢንተርኔትም የለም። ሳሎን ውስጥ አራታችን ተፋጠጥን። የመጀመሪያው ሳምንት አስቂኝ ነበር። ልጆቹ እንደ እንግዳ ነው ያስተናገዱኝ። ልጄ «አባዬ፣ ዛሬ አትወጣም?» እያለ በር በሩን ያያል።

መጫወት የጀመርነው ያኔ ነው። ሌላ የሚሠራ ስለሌለ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ይበልጥ። የሚያሳዝን ዘመን ነበር፤ ግን ልጆቼን ያወቅኋቸው በዚያ ዘመን ነው።

እሺ፣ ወደ ጥቅሱ ልመለስ። «በቤትህ ስትቀመጥ» ይላል። ከማዕድ ልጀምር። እኛ ቤት አሁን በሳምንት አንድ የጸሎት መስመር ነው የምንፈታው። አንድ ብቻ። በዚህ ሳምንት «ይትቀደስ ስምከ» ከሆነ እሱኑ እየበላን እንጫወትበታለን። ስም መቀደስ ምንድን ነው? የሰው ስም ሲጠፋ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በክፍላችሁ ስሙ የጠፋ ልጅ አለ? እንዲህ እያልን ነው። አንዳንድ ቀን ወሬው ወደ እግር ኳስ ይሄዳል። ይሂድ። እኔ ቀደም ሲል አቡነ ዘበሰማያትን፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን፣ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ሁሉንም በአንድ ማታ ልጨርስ እል ነበር። ልጆቹ ቆመው ያንጎላጃሉ። አሁን አጭር ነው፤ ግን ገብቷቸው ነው። ትንሿም ተራዋ ሲደርስ ትመራናለች። ስትመራ ቀስ ትላለች። እኔም መቸኮሌን የተውኩት እሷ እየመራችኝ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ማዕድ ላይ አለ፤ ይቅርታ። ኤፌሶን 6 ቁጥር 4 ልጆቻችሁን አታስቆጡ ይለናል፤ ለአባቶች ነው የሚለው፣ ለእኛ። አንድ ቀን ልጄን ያለ ጥፋቱ በጥፊ መታሁት። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ንዴቱን ከመሥሪያ ቤት ይዤው ነው የገባሁት። ማታ ጸሎት ላይ «ኅድግ ለነ አበሳነ» ስንል አንደበቴ ተያያዘ። አቋርጬ ዞርኩና «ይቅርታ አድርግልኝ፣ ዛሬ በድዬሃለሁ» አልኩት። አባቴ ለእኔ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ልጁ ምን እንደሚመልስ ጠፍቶት «እሺ… ጸሎቱን ቀጥል» አለኝ። እኔ ስለ ንስሐ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ። ያን ማታ ግን ለአንድ ደቂቃ አየው።

ስለ ፍርሃትም ልናገር፤ ይኼ የሁላችንም ጥፋት ነው። ሕፃን ሲያለቅስ «ዝም በል፣ ጅብ መጣ» እንላለን። ትንሽ ሲያድግ ጅቡን አያምንም። ያኔ ምን እናደርጋለን? «እግዚአብሔር ይቀስፍሃል» እንላለን። «አባ መጡ፣ ይወስዱሃል» እንላለን። እግዚአብሔርን በጅቡ ቦታ ተካነው እኮ! ካህኑንም እንደዚያው። ከዚያ ልጁ 15 ዓመት ሲሞላው «ለምን ንስሐ አይገባም? ለምን ከነፍስ አባቱ ይሸሻል?» ብለን እንገረማለን። እኛው አይደለን እንዴ ስናስፈራራው የኖርነው? የነፍስ አባታችሁ ቤት ሲመጡ ልጁ ሮጦ ከሶፋ ኋላ የሚደበቅ ከሆነ፣ ጥፋቱ የልጁ አይደለም።

«በመንገድም ስትሄድ» የሚለው ደግሞ እኛ ለባሕር ዳር ሰዎች የተጻፈ ይመስለኛል። ይህን የመሰለ መንገድ ማን አለው? በዘንባባው ሥር ልጅ ይዞ ቤተ ክርስቲያን መሄድ፣ በር ላይ ቆም ብሎ መሳለም፣ ለነዳያኑ ሳንቲሙን በልጁ እጅ ማሰጠት። ባጃጅ ከያዛችሁ ግን ሾፌሩ ሙዚቃውን ስለሚያጮኸው ጨዋታ የለም። በእግር ሂዱ።

አንድ መንገዳችንን ልንገራችሁ። ታላቁ ልጄ 13 ሲሞላው ቤተ ክርስቲያን መምጣት ተወ። መጀመሪያ ሆዴን አመመኝ አለ፣ ከዚያ እንቅልፍ፣ ከዚያ ምክንያት መስጠቱንም ተወው። እኔም ጮህኩ። አልሠራም። ሚስቴ «ጩኸቱን ተውና ዘጌ ይዘሃቸው ሂድ» አለችኝ። ብዙዎቻችሁ እዚህ ጣና ዳር ተወልዳችሁ ዘጌ ያለችውን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ አታውቁም። ፈረንጅ ውቅያኖስ አቋርጦ ይመጣል፤ እኛ ጀልባ አንሳፈርም።

ሄድን። ሐይቁ መሀል ደሴት ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ጋ ስንደርስ ትንሿ «እዚያ እንውረድ» አለች። ባለ ጀልባው «እሷ አትገባም፣ ለወንድ ብቻ ነው» አላት። ፊቷን ብታዩት! «ለምን? እኔ ክርስቲያን አይደለሁም?» አለች። የድሮው «ዝም በይ» ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። «መነኮሳቱ ዓለምን ትተው፣ ላያገቡ ቃል ገብተው የሚኖሩበት ገዳም ነው፤ ሥርዓታቸው ነው። የሴቶች ገዳምም የራሱ ሥርዓት አለው» አልኳት። አልበቃትም። «የቀረውን እኔም በደንብ አላብራራውም፤ ለነፍስ አባታችን አብረን እንጠይቃቸው» አልኳት። ለሳምንት አልረሳችም፤ ጠየቀቻቸውም። እሳቸውም አልተቆጧትም፤ ቁጭ ብለው አስረዷት። ወላጆች፣ «አላውቅም፣ አብረን እንጠይቅ» ማለት ክብራችሁን አይቀንሰውም። ልጁ አለማወቃችሁን ድሮውንም ያውቃል።

ዑራ ስትደርሱ የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን ሥዕል ነው። ግዙፎቹ በሮች ላይ መላእክቱ ሰይፍ ይዘው ቆመዋል። ፊደል ያልቆጠረ ሕዝብ መጽሐፍ ቅዱሱንና የቅዱሳኑን ታሪክ ያነበበው በዚያ ነው። ታላቁ ልጄ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ፊቱን አጨፍግጎ ይዞራል። የበላዔ ሰብእ ታሪክ ዘንድ ስንደርስ ቆመ። ታሪኩን ታውቁታላችሁ፤ 78 ነፍስ የበላ ሰው። አንድ ለምጻም በእመቤታችን ስም ውሃ ለምኖት ጥርኝ ውሃ ሰጠ። በሚዛን ላይ ያቺ ጥርኝ ውሃ ስለ እመቤታችን ብላ ደፋች፤ ሰውየውም ምሕረት አገኘ።

ልጄ «ይኼ ፍትሕ ነው እንዴ?» አለኝ። ጮክ ብሎ። አንድ ዲያቆን ዞር ብሎ አየን። «የተበሉት ሰዎችስ? ዘመዶቻቸውስ ምን ይላሉ?» አለ።

ከአራት ወር በኋላ ስለ ሃይማኖት የተናገረው የመጀመሪያ ነገር ይኼ ነው። ለአፍታ ልቆጣው አሰብኩ። ከዚያ «አንተ ዳኛ ብትሆን ምን ትፈርድ ነበር?» አልኩት። ከዘጌ እስከ ባሕር ዳር ጀልባው ላይ ተከራከርን። እኔ ስለ ምሕረት፣ እሱ ስለ ሟቾቹ። ትንሿ መሀል ገብታ «ውሃው ግን ቀዝቃዛ ነበር?» ትላለች። ባለ ጀልባውም ሞተሩን ቀነስ አድርጎ ከልጄ ጋር ቆመና እኔን ብቻዬን ተዉኝ። ተሸነፍኩ ማለት ይቻላል።

ልጁ በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን መጣ ብዬ ልነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አልመጣም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው የመጣው፤ አሁንም አንዳንዴ ይቀራል። ግን ይከራከረኛል። የሚከራከር ልጅ ገና አብሯችሁ ነው ያለው። እኔ የምፈራው ዝም ያለውን ነው።

(እዚህ ላይ መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቶሎ ቶሎ ሄድኩ።)

«ስትተኛም» ይላል። ጨለማ ውስጥ ልጅ ያወራል። ቀን ስትጠይቁት «ምንም» ያለው ልጅ መብራቱ ሲጠፋ ይነግራችኋል። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ በሉና መጀመሪያ ራሳችሁ ንገሩት፤ ዛሬ ምን ደስ አላችሁ፣ ማንን አስቀየማችሁ። ከዚያ ዝም በሉ። ይመጣል።

ስለ ጠዋቱ አልዋሻችሁም። የእኛ ቤት ጠዋት ጦርነት ነው። ካልሲ ይጠፋል፣ ባጃጁ በር ላይ ጥሩምባ ይነፋል። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ አለችን። በሩ ላይ ሲያማትቡ «ዛሬ ቀኑ የማን ነው?» እላለሁ። 12 ሚካኤል፣ 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔዓለም። ቀድሞ የመለሰ አሸነፈ። ትንሿ አሁን ወሩን በሙሉ ታውቀዋለች፤ እኔ ስሳሳት ታርመኛለች።

ጾሙ ደግሞ ደርሷል፤ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። ልጆችን ማስጀመር ለምታስቡ ፍልሰታ ይቀላል፤ 15 ቀን አካባቢ ነው፣ ልጆቹም እርስ በርስ ይጠራራሉ። ግን አሁንም ይቻላል፤ እንደ አቅማቸው፣ ከነፍስ አባታችሁ ጋር ተማክራችሁ። ጾም ለልጁ የሥጋና የወተት መከልከል ብቻ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። እኛ ቤት ለሥጋ የሚወጣው ገንዘብ በጾም ወቅት ቆርቆሮ ውስጥ ይጠራቀማል። በልደት ዋዜማ ልጆቹ ራሳቸው ለማን እንደሚሰጥ ይወስናሉ። አንድ ዓመት በር ላይ ለሚቀመጡ አንዲት እናት ጋቢ ገዙ። ጾሙ የገባቸው ያን ጊዜ ነው።

ዓሣን በተመለከተ እዚህ ሐይቅ ዳር ሆናችሁ ልጃችሁ እንደሚጠይቃችሁ አልጠራጠርም። «ጎረቤታችን በጾም ቀረሶ ይጠብሳሉ፣ እኛ ለምን አንበላም?» ይላችኋል። የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓት ንገሩት፤ ግን ጎረቤትን አታሙለት። ሥርዓቱን ከሐሜት ጋር አብሮ ከተማረ የሚያስቀረው ሐሜቱን ነው።

የክርስትና አባቶችና እናቶች እዚህ አላችሁ? በ40 ቀን፣ በ80 ቀን ልጁን ታቅፋችሁ አደራ የተቀበላችሁ። ከድግሱ በኋላ ስንቶቻችሁ ቤቱን ረገጣችሁ? እሺ፣ እጅ ማውጣት አያስፈልግም።

ጥያቄ ካለ ልስማ።

(ሁለት ሦስት ጥያቄ ተጠየቀ። አንዲት እናት ባለቤቷ ለቤተ ክርስቲያን ግድ እንደሌለው ነገረችን። የጢሞቴዎስ አባት ግሪካዊ እንደነበር፣ ልጁን በእምነት ያሳደጉት እናቱ ኤውንቄና አያቱ ሎይድ መሆናቸውን ነገርኳት። «እና አባቱን አታዋርጂበት» አልኳት። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንዲት እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።)

«ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የልጅ ልጄን የማሳድገው እኔ ነኝ፤ እናቱ ዐረብ አገር ናት። ምን ላስተምረው?» አሉኝ።

«እማማ፣ የበላዔ ሰብእን ታሪክ ያውቁታል?»

«እሱን የማያውቅ አለ?»

«የወሩን በዓላት?»

«በእነሱ አይደል እንዴ ዕድሜዬን የቆጠርኩት!»

«እንግዲህ እርስዎ ከእኔ ይበልጣሉ። ያጫውቱት» አልኳቸው።

ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው ግን እንደገና እጃቸውን አወጡ። «አንተ ግን ለዚያች ልጅህ መለስክላት ወይ? ሲሳይ ለምን እንደዘለለ?»

ከሳምንት በኋላ መለስኩላት አልኳቸው። «ሲሳየነ» ምግባችንን ማለት ነው፤ «ዘለለ ዕለትነ» የየዕለቱን፤ «ሀበነ ዮም» ዛሬ ስጠን። እንደዚያ ብዬ አስረዳኋት አልኳቸው።

«ተው እንጂ! እሱማ ትርጉሙ ነው» አሉ እማማ። «ሲሳይ የዘለለውማ የዕለት እንጀራውን አግኝቶ ነዋ! በልልኝ ለልጅቷ።»